ፎቁ ይቆይ፤ መጀመሪያ መዝገቡ

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ የሥዕል መምህር ነበሩ። ሲያርፉ 1,800 ያህል የሥነ ጥበብና የታሪክ መጻሕፍት፣ የዐውደ ርእይ ወረቀቶችና ሦስት ካርቶን ፎቶ ትተውልን አለፉ። ጎንደር ካለው ቤታችን ሁለት ክፍል ለቀን በስማቸው የሥነ ጥበብና የቅርስ ቤተ መጻሕፍት ከፈትን። አራት ዓመት ሆነው። ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ያሉ ዘመዶች ካርቶን እየላኩልን ዛሬ 6,000 መጻሕፍት ደርሰናል። አሁን ቦታ አለቀ። ትልቁ ልጄ ፎቅ እንጨምር ይላል። ታናሹ ደግሞ ሁሉንም ስካን አድርገን ኢንተርኔት ላይ እንጫነው ባይ ነው። በቅርቡም አንድ ሰው የብራና ዳዊት ልሽጥላችሁ ብሎ መጥቷል። ቤተ መጻሕፍቱን እንዴት ብናሳድገው ይሻላል?»

መልስ፦ መጀመሪያ ካርቶኑን ያስቁሙ። ለዋሽንግተኑም ለስቶክሆልሙም ዛሬ ደውለው «ሳንጠይቃችሁ ምንም እንዳትልኩ» ይበሏቸው። ይቀየሙናል ብለው አይስጉ። ምክንያቱን ሲሰሙ ይገባቸዋል።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ቁጥር አለ፤ 1,800 እና 6,000። እርስዎን ያስደሰተዎት ሁለተኛው ነው። እኔን ያሳሰበኝም እሱው ነው። ባለቤትዎ 1,800ውን የሰበሰቡት ከመምህር ደመወዝ ላይ እየቆነጠሩ፣ አንድ በአንድ መርጠው ነው። የቀረውን 4,200 ማን መረጠው? አብዛኛውን ጊዜ ቤት ሲቀይር ጋራዡን ያጸዳ ሰው ነው። በክፋት አይደለም። መጽሐፍ መጣል ነውር ስለሆነብን «ለአገር ቤት ይሁን» እንላለን። በአንድ ወቅት እሠራበት ለነበረ ቤተ መጻሕፍት 40 ካርቶን ተላከልን፤ ማጓጓዣውን ከኪሳችን አዋጥተን አስመጣን። ስንከፍተው ያረጀ የኮምፒውተር መማሪያ፣ የክብደት መቀነሻ መጽሐፍ፣ ቅጹ የጎደለ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ለእኛ የሚሆነው ሁለት ካርቶን እንኳ አልሞላም። የቀረው ዓመት ሙሉ ኮሪደር ዘግቶ ከረመ።

ልዩ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ስለ አንድ ጉዳይ ብዙ መጽሐፍ ያለው ቤት ይመስላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ልዩ የሚያደርገው ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር መያዙ ነው። ስለ ማይክል አንጄሎ የተጻፈ ባለቀለም ትልቅ መጽሐፍ ያምራል። ግን ለንደንም ናይሮቢም አለ፤ ሥዕሎቹም ስልክ ላይ ይታያሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ጎንደር ውስጥ ለአንድ ሳምንት የተከፈተ የሥዕል ዐውደ ርእይ ግን ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ መጋበዣ፣ አንድ ወረቀት ለሁለት ታጥፎ የተባዛው የሥዕሎች ዝርዝር፣ ከእርስዎ ቤት ውጭ ምናልባት የትም የለም። በጥያቄዎ መሀል «ወረቀቶች» ብለው ያለፏቸው እነሱ የቤቱ ዋና ሀብት ናቸው። አንድ ጊዜ የአንድን ሠዓሊ የጠፋ ሥራ ስንፈልግ ፍንጩን ያገኘነው እንዲህ ካለ ወረቀት ላይ ነው። ጠርዙ ቡና ፈሶበታል። ከሦስተኛው ሥዕል ዋጋ አጠገብ ግን በእርሳስ «ተሸጠ» ተብሎ የገዢው መሥሪያ ቤት ስም ተጽፏል። ሄደን ጠየቅን። ሥዕሉ መጋዘን ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር።

ይህ አካሄድ እንደሚሠራ ስድስት ኪሎ ሄደው ማየት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያቀኑት ደግሞ ከ1950 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። መለኪያቸው አንድ ነበር። ኢትዮጵያን የሚመለከት ከሆነ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ፣ ሦስት ገጽ ትሁን ሦስት መቶ፣ ይገባል። ሆይናትስኪ ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ሥዕልም ይሰበስቡ ነበር። መጽሐፉና ቅርሱ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አንድ ጣሪያ ሥር አደጉ። ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ የሚመራመር ሰው ከየትም ዓለም መጥቶ እዚያ ወንበር የሚይዘው በመጽሐፉ ብዛት አይደለም። በብዛትማ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ይበልጠዋል።

ስለዚህ ድንበር ያብጁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ይህ ቤተ መጻሕፍት የጎንደርንና የጣናን ዙሪያ ሥዕል፣ ሕንፃና የእጅ ጥበብ የሚመለከት ማንኛውንም ጽሑፍና ምስል ይሰበስባል።» ጠበበ ይሉ ይሆናል። አይጠብም። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበበት ከ1979 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለሱ ስንት የጥገና ሪፖርት፣ ስንት ፕላን፣ ስንት የተማሪ ጥናት ተጽፏል! የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብቻውን አንድ መደርደሪያ ይሞላል። የጣና ገዳማት አሉ። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አንጥረኛው አለ። ከዚህ ውጭ የሆነውን ልቦለድና መማሪያ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች ይስጡ። ከ6,000ው ግማሽ ያህሉ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። የቦታ ችግርዎም በአብዛኛው እዚያው ይፈታል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ፤ ወደ መዝገቡ። ስለ ካታሎግ አንድም ቃል አለመጻፍዎ ብዙ ነገረኝ። መዝገብ የሌለው 6,000 መጽሐፍ መጋዘን ነው። ዛሬ አንድ ተማሪ መጥቶ «ስለ ቋራ የሸክላ ሥራ ምን አላችሁ?» ቢልዎ መልሱ ያለው በባለቤትዎ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሉም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። አንድ ወፍራም ደብተር ይግዙ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ተራ ቁጥር ይስጡ፤ ከየት እንደመጣና መቼ እንደገባ ይጻፉ። ቁጥሩን መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ይጻፉ እንጂ በእስክሪብቶ አይሁን። ማኅተም ሥዕል ባለበት ገጽ ላይ እንዳያርፍ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ይመጣል። ኮሃ የሚባል ለቤተ መጻሕፍት የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር አለ። የእኛን ፊደል ያለችግር ይቀበላል። ለጊዜው ግን ኤክሴልም ይበቃል።

ችግሩ ሶፍትዌሩ የተሠራው ለእኛ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ ስም ነው። ፕሮግራሙ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቅዎታል። እርስዎም ገብረ ክርስቶስ ደስታን «ደስታ» ብለው ያስገባሉ። እንግዲህ ሠዓሊውን ትተን አባቱን ፍለጋ ጀመርን ማለት ነው! ይባስ ብሎ «ገብረ» እና «ክርስቶስ» ተለያይተው ሲጻፉ አንዳንዱ መዝገብ «ክርስቶስ» በሚል ስም ሥር አስቀምጦት አይቻለሁ። የኢትዮጵያዊ ስም አይገለበጥም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ብለው በ«ገ» ያስገቡ። ከውጭ የተቀዳ መዝገብ ተገልብጦ ከመጣም አስተካክለው ይያዙት።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ሥዕል»፣ «ስዕል»፣ «ስእል»፤ ሦስቱም ታትመው ይገኛሉ። ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ቃል ነው የሚያያቸው። አንዱን ሲፈልጉ ሁለቱ ይቀሩብዎታል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። በአንደኛው ርእሱን መጽሐፉ ላይ እንደታተመው፣ ግድፈቱም ሳይነካ ይገለብጣሉ። በሁለተኛው ድምፃቸው አንድ ከሆነው ፊደላት ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸን ብቻ ተጠቅመው ያንኑ ርእስ ይጽፋሉ። ፍለጋው በሁለተኛው ይሁን። ቋንቋ አዋቂዎች ያዝኑብኛል፤ ለፍለጋ እንጂ ለአጻጻፍ ደንብ አላልኩም።

ሦስተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። ጀርባው ላይ «1966» ተብሎ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በአብዮቱ ዓመት የወጣ ነው። ያለምልክት ከፈረንጆቹ ጋር ከደባለቁት ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከአብዮቱ በፊት የተጻፈ ይመስላል። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የታተመውን ይጻፉ፤ አጠገቡ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምልክት ያድርጉ።

አደራደርስ? ብዙ ሰው ዲዊ የሚባለውን የቁጥር ሥርዓት ይመክርዎታል። ለአጠቃላይ ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው። ለእርስዎ ግን ቤተሰብ በታኝ ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተጻፉ አራት መጻሕፍትን ያስቡ። የሥዕሉ ታሪክ 709.63 ይሄዳል። ስለ ብራና መጻሕፍቱ ሐረግና ሥዕል የተጻፈው 745.67 ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያኗ የሚያወራው 281.75፣ የነገሥታቱ ታሪክ ደግሞ 963 ላይ ይቀመጣል። አንድ ደብር አራት ግድግዳ ላይ ተበተነ። እኔ የምመክረው በቦታ መደርደር ነው። ጎንደር ከተማ ለብቻ፣ የጣና ደሴቶች ለብቻ፣ ደንቢያ ለብቻ። በየቦታው ውስጥ ሥዕሉ፣ ሕንፃው፣ ታሪኩ ጎን ለጎን ይቁም።

ይህን የምለው ከራሴ ፈጥሬ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ አቢ ቫርበርግ ገና በ13 ዓመቱ የባንክ ቤተሰቡን ብኩርና ለታናሽ ወንድሙ ለማክስ ለቀቀ ይባላል። በምላሹ የጠየቀው የፈለገውን መጽሐፍ ሁሉ እንዲገዛለት ነው። ኤሳው በምስር ወጥ የለወጣትን ብኩርና እሱ በመጽሐፍ ለወጣት። ከዚያ ስብስብ ያደገው የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ዋና መርሑ «መልካም ጎረቤት» የሚል ነበር። የምትፈልገው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ያ ስሙን የምታውቀው ሳይሆን አጠገቡ ያለው ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 መጨረሻ 60,000 ያህል መጻሕፍት በሁለት መርከብ ከሐምቡርግ ወደ ለንደን ተሻገሩ። ዛሬም የሚደረደሩት በዚያው መርሕ ነው።

ወደ ፎቁ ልመለስ። ልጅዎ የመጽሐፍን ክብደት አላሰላም። የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ከባድ ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ ላይ 25 ያህል ይቆማል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። 6,000ው 240 ሜትር ይፈጃል። ወደ 100 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለአልጋና ለሶፋ በተሰላ ሶሌታ ላይ ይጭኑታል? የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። የመጽሐፍ ማከማቻ 700 ያህል ይፈልጋል። መጽሐፍ ምድር ቤት ይቀመጥ፤ ፎቅ ከተሠራ ሰው ይውጣበት።

ከፎቁ ገንዘብ ላይ ቆርሰው ጣሪያውን ያሳድሱ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከረጠበ እንደ ጋዜጣ በደህና አይደርቅም። ሲደርቅ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጡብ ይሆናሉ። ያን ሊያላቅቅ የሚችል ባለሙያ የለም። ስለዚህ በሐምሌ አንዲት የቆርቆሮ ቀዳዳ 50 መጽሐፍ ትበላለች። መደርደሪያውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያርቁት፤ የታችኛውን እርከን ከወለሉ ከፍ ያድርጉት። ምስጥ ካለ ከእንጨት ላሜራ ይሻላል። መጽሐፍ በፌስታል አይጠቅልሉ፤ እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ይጠራል። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር የሚለጥፍ ረዳት ካለዎት እባክዎ እጁን ይያዙልኝ። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል።

ስካኑስ? የታናሹ ልጅዎ ሐሳብ ግማሹ ትክክል ነው። ስህተቱ «ሁሉንም» ያለው ላይ ነው። ምስል ማንሳት ቀላሉ ሥራ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ9,000 በላይ ብራና በፊልም አስቀርቷል። ካታሎጉን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የሰጡት ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ሠርተውታል። ሆኖም በአሥር ቅጽ የታተመው ካታሎግ የሸፈነው የመጀመሪያዎቹን 5,000 ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሊቅ እያለ! ያለ ዝርዝር የተነሣ ምስል ሃርድ ዲስክ ውስጥ የተቀበረ ሌላ ካርቶን ነው።

ሕጉም አለ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ደራሲ ወይም ሠዓሊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልጅዎ ይደምረው። የገዙት መጽሐፍ ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ የመጫን መብቱ ግን የእርስዎ አይደለም። ስካን የሚደረገው ባለቤትዎ ራሳቸው ያነሷቸው ፎቶዎች፣ የማስተማሪያ ማስታወሻቸውና የዐውደ ርእይ ወረቀቶቹ ናቸው። የሳቸው መብት ለእናንተ ለወራሾች አልፏል። ሌሎች ያዘጋጇቸውን ወረቀቶች ግን ለጥበቃ ብለው ያንሷቸው እንጂ ሳያስፈቅዱ አያሰራጯቸው። ሦስት ቅጂ ይኑርዎ፤ አንዱ ከጎንደር ውጭ ይቀመጥ። የስቶክሆልሙ ዘመድዎ ካርቶን ከሚልክ አንድ ሃርድ ዲስክ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቢያኖርልዎ ውለታው ይበልጣል።

የብራና ዳዊቱን አይግዙ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። «እኛ ካልገዛነው ለፈረንጅ ይሸጠዋል» ይሉኝ ይሆናል፤ ይህን ብዙ ሰው ይለኛል። የገዢ መኖር ነው ሌባውን ወደ ዕቃ ቤቱ የሚልከው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ በግል እጅ ቢገኝ እንኳ መመዝገብ እንዳለበት ያዛል። ሻጩን የምዝገባ ወረቀት ይጠይቁት፤ ፊቱን ያዩታል። መጽሐፉን ከገለጠልዎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል ልብ ብለው ይዩ። የደብሩ ስም ይጻፍ የነበረው እዚያ ነው። ከሥሩም «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» የሚለው ግዝት ይከተላል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ቦታው ተፍቆ ብራናው ሳስቶ ወይም ቅጠሉ በምላጭ ተቆርጦ ካገኙት ነገሩ አለቀ። ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያሳውቁ።

ጎንደር ደግሞ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አራቁተው መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ ወሰዱ። ሐሳባቸው ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ስብስብ ማኖር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች ገቡ። 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። በነጠቃ የተሰበሰበ በነጠቃ ሄደ።

ቁርጥ ያለውን ልንገርዎ። ለሁለት ዓመት ምንም አይግዙ፣ ምንም አይቀበሉ። የማጓጓዣውንና የፎቁን ገንዘብ ለአንድ ወጣት ደመወዝ ያውሉት። ከዩኒቨርሲቲው በቤተ መጻሕፍት ሙያ ወይም በታሪክ የተመረቀ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብና ግእዝ የማይፈራ ቢሆን ደስ ይለኛል። በቀን 10 መጽሐፍ በጥንቃቄ ቢመዘግብ በዓመት 2,500 ይደርሳል። ከማጣራቱ የተረፈውን በዓመት ከመንፈቅ ይጨርሰዋል። የቀረው ስድስት ወር ለወረቀቶቹ ነው። ከዚያ በኋላ የጎደለዎትን ያውቃሉ፤ ያኔ ለዋሽንግተን «ይህን አንድ መጽሐፍ ፈልጋችሁ ላኩልኝ» ማለት ይችላሉ።

ፎቶዎቹ ግን ሁለት ዓመት አይጠብቁም። መጽሐፍ ስሙን ራሱ ላይ ይዟል፤ ፎቶ ግን የሚታወቀው የሚያውቀው ሰው እስካለ ድረስ ነው። የባለቤትዎን የሥራ ባልደረቦችና የመጀመሪያ ተማሪዎች በሚመጣው ቅዳሜ ቡና ይጥሯቸው። አንዱን ካርቶን ብቻ ያውጡ። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ እየነገሩዎት ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ። ሲከራከሩ ሁለቱንም መልስ ይጻፉ፤ ማን ምን እንዳለ ጭምር።